የኒል ያንግ «ሃርቨስት»፦ ያ ደረቅ የድራም ድምፅ ከየት መጣ? በቤት ቀረጻስ እንዴት ይገኛል?

ስድስት_ክር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘፋኙ ኒል ያንግ እ.ኤ.አ. በ1972 ካወጣው «ሃርቨስት» አልበም ውስጥ «ሃርት ኦፍ ጎልድ» የተባለውን ዘፈን ራሳችን ተጫውተን ለመቅዳት እየተዘጋጀን ነው። ያለን አንድ አኩስቲክ ጊታር፣ ቤዝ ጊታር፣ ሙሉ ድራም፣ አርሞኒካ፣ ስምንት መግቢያ ያለው የድምፅ ካርድና ስድስት ማይክ ነው። ክፍሉ 4 በ5 ሜትር፣ ወለሉ ሴራሚክ። በሙከራው ድራሙ ጊታሩን ዋጠው። ኢኪው (የቀጭንና የወፍራም ድምፅ ማስተካከያ) ብንቆርጥ፣ ኮምፕረሰር (ጮክ ያለውንና ዝግ ያለውን የሚያቀራርብ) ብንጨምር፣ ያው ነው። ዋናው በምን ሁኔታ ተቀዳ? እኛስ የቱ ጋ ነው የሳትነው?

ባለከበሮው፦
ችግሩ ኢኪው ላይ አይደለም፣ የድራመራችሁ ቀኝ እጅ ላይ ነው።

«ሃርቨስት» ላይ ድራም የመታው ኬኒ ባትሪ ነው። የናሽቪል የስቱዲዮ ሰው ነው፣ የቦብ ዲላን «ብሎንድ ኦን ብሎንድ» ላይም አለ። ስለዚህ ድራሙ የቀለለው መምታት አቅቶት አይደለም። ኒል ያንግ «ቀኝ እጅ አልፈልግም» አለው፤ ሳያቋርጥ የሚሄደው የሲምባል (የብረት ሳህን) እና የሃይ ሃት (በእግር የሚገጠሙ ጥንድ ሲምባሎች) ምት ይቅር ማለቱ ነው። እንደሚነገረው ባትሪ «አውት ኦን ዘ ዊክኤንድ»ን የመታው ቀኝ እጁ ላይ ተቀምጦበት ነው። እስቲ ያንን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ)፣ ስኔር (ፊት ለፊት ያለው ጠፍጣፋ ከበሮ)፣ ከዚያ ማንም የማይሞላው ባዶ ቦታ።

ምክንያቱ የጣዕም ብቻ አይደለም። ፒክ (የጊታር መምቻ) ክር ሲነካ የሚሰማው «ጭክ» እና የሃይ ሃት ድምፅ የሚቀመጡት አንድ ቦታ ላይ ነው፣ በግምት ከ3 እስከ 10 ኪሎ ኸርዝ። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ጮክ ያለው ያሸንፋል፤ ሃይ ሃት ደግሞ ሁልጊዜ ከአኩስቲክ ጊታር ይጮኻል። በኢኪው ሃይ ሃቱን ስትቆርጡ የጊታሩንም ፒክ አብራችሁ ትቆርጣላችሁ። በዚህ አልበም ሃይ ሃቱ ራሱ ጊታሩ ነው።

ስለዚህ፦

ሲምባሎቹን ከነመቆሚያቸው ከክፍሉ አውጡ። ካለ እጅ ይሄዳል። ቶሞቹንም (የቀሩትን ከበሮዎች) አንሱ፤ ማንም ሳይነካቸው ስኔሩ ሲመታ አብረው ያንዣብባሉ፣ ያ ጊታሩን «ዋጠው» ያላችሁት ነገር ግማሹ እሱ ነው።

ስኔሩ ላይ አራት ጊዜ የታጠፈ ነጠላ ወይም የሻይ ፎጣ አድርጉ፣ ከቆዳው ሲሶውን ያህል ይሸፍን። ግማሽ ከሸፈናችሁ ካርቶን ይሆናል። ቆዳውን ከለመዳችሁት ትንሽ አላሉት። ኪኩ ውስጥ የታጠፈ ጋቢ አስገቡ፣ የሚመታውን ቆዳ በጭንቅ ይንካ። የኪኩ መምቻ እንጨት ከሆነ በፌልት (ወፍራም ለስላሳ ጨርቅ) ቀይሩት።

የ«ሃርት ኦፍ ጎልድ» ፍጥነት በደቂቃ 85 ምት አካባቢ ነው። ስኔሩ የሚዘገይ እስኪመስላችሁ ታገሱ። ያልለመደ ድራመር ባዶውን ቦታ ሲፈራ ይቸኩላል፤ አዝማቹ ላይ ስትደርሱ 90 ገብታችኋል።

ኪስ_ሬዲዮ፦
አልበሙ ሙሉውን እርሻው ላይ መጋዘን ውስጥ አይደል እንዴ የተቀዳው? ድምፁ የመጋዘኑ ይመስለኛል።

ጋሽ_ሸክላ፦
አይደለም ልጄ። ብዙ ሰው ይህን ይደባልቃል። «ሃርቨስት» የአራት ቦታ ሥራ ነው።

«ሃርት ኦፍ ጎልድ»፣ «ኦልድ ማን»፣ «አውት ኦን ዘ ዊክኤንድ» እና «ሃርቨስት» ናሽቪል፣ ኳድራፎኒክ ስቱዲዮ ነው። ኒል እ.ኤ.አ. በየካቲት 1971 ለጆኒ ካሽ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ናሽቪል ሄዶ ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ኤሊየት ሜዘር እዚያው አገኘውና ሙዚቀኞቹ በጥድፊያ ተሰበሰቡ። ሊንዳ ሮንስታድና ጄምስ ቴይለርም የዚያው ፕሮግራም እንግዶች ስለነበሩ መጥተው በድምፅ አጀቡት። «ኦልድ ማን» ላይ የሚሰማው ባንጆ የቴይለር ነው፤ ባለ ስድስት ክር፣ እንደ ጊታር የሚቃኝ ባንጆ። ባለ አምስት ክር ባንጆ ይዞ ያንን ለማውጣት የሚታገል በከንቱ ይደክማል።

«ኤ ማን ኒድስ ኤ ሜይድ» እና «ዜርስ ኤ ወርልድ» ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ባርኪንግ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ናቸው። አቀናባሪው ጃክ ኒቼ፣ የድምፅ መሐንዲሱ ግሊን ጆንስ። «ዘ ኒድል ኤንድ ዘ ዳሜጅ ዳን» በሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮይስ ሆል አዳራሽ፣ ጥር 30 ቀን 1971 ሕዝብ ፊት የተቀዳ ነው። መጋዘን የተባለው ካሊፎርኒያ የሚገኘው የብሮክን አሮው እርሻው ነው፤ «አላባማ»፣ «ዎርድስ» እና «አር ዩ ሬዲ ፎር ዘ ካንትሪ» ብቻ ናቸው እዚያ የተሠሩት። ኤሌክትሪክ ጊታሩም በዋናነት የሚሰማው እዚያ ነው። ኒል በዚያ ጊዜ ጀርባው ታሞ በድጋፍ ቀበቶ ነበር የሚኖረው፤ ከባድ ኤሌክትሪክ ጊታር አንግቦ መቆም አይችልም ነበር። ናሽቪል ላይ ተቀምጦ አኩስቲክ የተጫወተው ወድዶ ብቻ አይደለም። ቀዶ ሕክምናው የተደረገለት በነሐሴ 1971 ነው፣ የመጋዘኑ ቀረጻ ከዚያ በኋላ መጣ።

ሚክሰኛው፦
ጋሽ ሸክላ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ከክፍሉ ልጀምር፤ የስድስት_ክር ጥያቄ እዚያ ነው የሚፈታው።

ኳድራፎኒክ ባለ ሁለት ፎቅ የድሮ መኖሪያ ቤት ነበር። በረንዳው መቆጣጠሪያ ክፍል ሆነ፣ ሳሎኑና የመመገቢያ ክፍሉ መቅረጫ፤ መሃላቸው ተንሸራታች በር አለ። የአንድ ሰፊ ቤት ሳሎን አስቡ። የምትሰሙት ድምፅ የኤኮ ማሽን ሳይሆን እንጨትና ግድግዳ ነው፤ ሰዎቹም ባንድ ላይ እየተያዩ ነው የተጫወቱት። የአምሃ ሪከርድስ ዘመን የአዲስ አበባ ሸክላዎችን የሚወድ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል፤ ባንዱ አብሮ ሲተነፍስ ይሰማል።

መጋዘኑ ላይ ሜዘር ከዚህም ራቅ ብሎ ሄደ። ለሙዚቀኞቹ የጆሮ ማዳመጫ ከመስጠት ይልቅ ትልልቅ ስፒከር አቆመላቸው። ይህ ማለት ሁሉም መሣሪያ በሁሉም ማይክ ውስጥ ይገባል። በትምህርት ቤት ስህተት የሚባለው ነው፤ እነሱ ግን ድምፁን ወደዱትና ተዉት። «አላባማ» ላይ ጊታሩ ከኋላው ጥላ እንዳለው ሆኖ የሚሰማው ለዚህ ነው። ሙዚቀኛው ግራሃም ናሽ የሚያወራውም ታሪክ አለ፦ ኒል አልበሙን ሊያሰማው በጀልባ እርሻው ላይ ወዳለው ሐይቅ መሃል ይወስደዋል። መኖሪያ ቤቱ እንደ ግራ ስፒከር፣ መጋዘኑ እንደ ቀኝ ስፒከር ሆነው ሙዚቃው ውኃው ላይ ይጮኻል። ሜዘር ከዳር ሆኖ እንዴት ነው ሲል ኒል «መጋዘኑን ጨምር!» ብሎ ጮኸ።

እሺ፣ ወደ 4 በ5 ሜትራችሁ። ሴራሚኩ ላይ ምንጣፍ ካላነጠፋችሁ ምንም አትጀምሩ። ከድራሙ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ ግን ከግድግዳው 10 ሳንቲም ሜትር ራቅ አድርጋችሁ፤ የተለጠፈ ብርድ ልብስ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው የሚውጠው። አራቱንም ግድግዳ አትሸፍኑ። ክፍሉ ሞቶ ይቀርና በኋላ ኤኮ ለመጨመር ትገደዳላችሁ፣ ያ ደግሞ «ሃርቨስት» አይሆንም።

ድራሙ በአንዱ የክፍሉ ጥግ፣ ጊታሪስቱ በተቃራኒው ጥግ፣ ፊቱን ወደ ድራሙ አዙሮ ይቀመጥ። ካርዲዮይድ ማይክ (በፊቱ በኩል የሚሰማ) የሚደነቁረው በጀርባው ነው። የጊታሩ ማይክ ወደ ጊታሩ ሲያይ ጀርባው ድራሙን ያያል፤ በነጻ የምታገኙት መከላከያ ይህ ነው። ጎን ለጎን ከተቀመጡ ይህን ታጣላችሁ። እንደሚመስለኝ አሁን የተቀመጣችሁት እንደዚያ ነው።

የጊታሩ ማይክ ከ12ኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ካሉት ብረቶች አንዱ) ፊት ለፊት 20 ሳንቲም ሜትር። ቀዳዳው ፊት አታድርጉት፣ ይጎመጉማል። አጠቃላይ ሕጉ፦ ሌላ ማይክ ከዚህኛው ማይክ ቢያንስ ማይኩ ከመሣሪያው ያለውን ርቀት ሦስት እጥፍ ይራቅ። የዘፋኙ ማይክ ነው ይህን ሕግ የሚያፈርሰው፤ ከጊታሩ ማይክ 45 ሳንቲም ሜትር ገደማ ላይ ይሆንና ሁለቱ ሲደመሩ ጊታሩ ባዶ ቆርቆሮ ይሆናል። ባለ ስምንት ቅርጽ ማይክ (በፊትና በኋላ የሚሰማ) ካላችሁ ጎኑን ወደ ጊታሩ አዙሩት፣ በጎኑ ምንም አይሰማም። ከሌላችሁ የዘፋኙን ማይክ ከአፉ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ላይ አቅኑት።

ለድራሙ ሦስት ማይክ ይበቃል። ባርኪንግ ላይ የነበረው ግሊን ጆንስ በስሙ የሚጠራ ዘዴ አለው። ናሽቪል ላይ ይህ ነው የተደረገው እያልኩ አይደለም፤ ለእናንተ ክፍል ስለሚመች ነው። አንዱ ማይክ ከስኔሩ በላይ 1 ሜትር። ሁለተኛው በወለል ቶሙ (ወለሉ ላይ በሚቆመው ትልቅ ቶም) በኩል፣ ቶሙ ባይኖርም፣ ስኔሩን እያየ። ሦስተኛው ኪኩ ፊት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማይኮች ርቀት ከስኔሩ መሃል እኩል መሆን አለበት፣ በዓይን ሳይሆን በክር ለኩ፤ አንዱን ጫፍ ስኔሩ መሃል ይዞ ሌላው ማይክ ድረስ ይዘርጋ። 34 ሳንቲም ሜትር ልዩነት 1 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ስኔሩን ለማቅጠን ከዚያ ያነሰም ይበቃል።

ከቀረጻ በኋላ ትራኮቹን በኮምፒውተር እየገፋችሁ «አታስተካክሉ»። ድራሙ ጊታር ማይክ ውስጥም አለ፤ አንዱን ስትገፉ ጥላው ይቀራል፣ ሁለት ድራም ይሰማል። የተሳሳተ ቦታ ካለ ዘፈኑን ደግማችሁ ተጫወቱ። 3 ደቂቃ ነው።

ስድስት_ክር፦
ጎን ለጎን ነበርን፣ ልክ ነህ። ማይክ ብቆጥር ድራም ሦስት፣ ጊታር አንድ፣ ድምፅ አንድ፣ አንድ ይተርፈናል። ቤዙ በቀጥታ ወደ ካርዱ ይግባ? አርሞኒካውስ ለብቻው ማይክ ይፈልጋል?

ሚክሰኛው፦
ቤዙ በቀጥታ ይግባ። በክፍሉ አምፕ (የመሣሪያ ድምፅ ማጉያ) ከከፈታችሁ ኪኩ ማይክ ውስጥ ገብቶ ሁለቱ ይጨቃጨቃሉ። ስድስተኛው ማይክ ይቀመጥ። አርሞኒካውን ለሚያውቀው ልተው።

አርሞኒካ_ጂ፦
አርሞኒካው የዘፋኙን ማይክ ይጠቀም፣ አንገት ላይ በሚንጠለጠል መያዣ። አርሞኒካ ከድምፅ ስለሚጮኽ ሲነፋ ጭንቅላቱን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ይውሰድ። ይህን በኮምፕረሰር ለመፍታት መሞከር ከጀርባ ያለውን ድራም ጎትቶ ያመጣባችኋል።

ከዚህ በላይ የምፈራላችሁ የአርሞኒካው ቁልፍ (የተቃኘበት ድምፅ) ጉዳይ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው የሲ አርሞኒካ ነው፣ ሰው እሱን ገዝቶ «ሃርት ኦፍ ጎልድ» አልወጣልኝም ይላል። አይወጣም። ዘፈኑ ኢ ማይነር፣ ሲ፣ ዲ እና ጂ ኮርዶች ላይ ነው የሚሄደው። የዲ ኮርድ ኤፍ ሻርፕ ይፈልጋል፣ የሲ አርሞኒካ ውስጥ ያለው ግን ኤፍ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ባለ አሥር ቀዳዳ የጂ አርሞኒካ ነው። ኢ ማይነር ብላችሁ የማይነር አርሞኒካም አትግዙ።

የጂ አርሞኒካ ላይ ሲነፋ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ይወጣል። ሲሳብ 4ኛው ቀዳዳ ኤ፣ 5ኛው ሲ፣ 6ኛው ኢ ነው። ዜማውን ከ4 እስከ 7 ባለው ቀዳዳ ፈልጉት። ከታች በኩል ኢ የለም፤ 3ኛውን ስቦ ማጠፍ ይጠይቃል፣ ጀማሪ እዚያ ወርዶ ነው የሚጠፋው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ብዙ አርሞኒካ የሚቃኘው በተለመደው 440 ኸርዝ (የኤ ኖታ መለኪያ) ላይ ሳይሆን ትንሽ ከፍ ብሎ 442 ወይም 443 ላይ ነው። አርሞኒካውን መቃኘት አይቻላችሁም፣ ስለዚህ ጊታሩና ቤዙ ወደ እሱ ይምጡ። መቃኛችሁን 442 ላይ አድርጉና ሞክሩ። ከመንፋት በፊትም መዳፍ ውስጥ ይዛችሁ አሙቁት፤ ቀዝቃዛ አርሞኒካ ውስጡ እርጥበት ይቋጥርና ምላሱ ይጣበቃል።

ክረ_ብዙ፦
ፔዳል ስቲሉን (ጋደም ተደርጎ፣ ክሩ ላይ ብረት እየተንሸራተተ የሚጫወቱበት ኤሌክትሪክ ጊታር) ማንም አላነሳውም። ያ ከጀርባ እንደ ሩቅ እንጉርጉሮ የሚሰማው ድምፅ የቤን ኪዝ ነው። ከኒል ጋር የተገናኙት በዚያ የናሽቪል ቀረጻ ነው፤ መጥቶ ተቀምጦ መጫወት ጀመረ፣ በወጉ የተዋወቁት ጥቂት ዘፈኖች ከተቀዱ በኋላ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 እስኪሞት ድረስ አብረው ሠርተዋል።

ፔዳል ስቲል የላችሁም፣ ምናልባትም በአካባቢያችሁ አይገኝም። በኤሌክትሪክ ጊታር ትጠጋላችሁ፣ ትርፍ ያላችሁትን ማይክ ለአምፑ ስጡት። ጣት ላይ የሚጠለቅ የመስታወት ቱቦ እና የድምፅ መጠን የሚቆጣጠር ፔዳል ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ፦ ፔዳሉን ዝጉ፣ ክሩን ምቱ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፤ የፒኩ ምት መሰማት የለበትም። በአንድ ጊዜ ከሁለት ኖታ አትበልጡ። ቱቦው ፍሬቱ መሃል ሳይሆን ልክ የብረቱ አናት ላይ ይሁን፤ ወደ ኋላ ከቀረ ድምፁ ይወርዳል። ዋናው ግን ዘፋኙ ሲዘፍን ዝም ማለት ነው። ኪዝ የሚገባው ስንኙ ካለቀ በኋላ ነው።

ኪስ_ሬዲዮ፦
ጋሽ ሸክላ፣ እርስዎን ልጠይቅ። ያገለገለ የ«ሃርቨስት» ሸክላ አግኝቻለሁ፣ ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ይዘላል። «ዘ ኒድል» መጨረሻ ላይ ጭብጨባው ይቆረጥና ድንገት ቀጣዩ ዘፈን ይገባል። ልመልሰው?

ጋሽ_ሸክላ፦
አትመልሰው! አይዘልም። እንደዚያው ነው የተሠራው። የሮይስ ሆል ጭብጨባ በመሃል ተቆርጦ «ዎርድስ» ይቀጥላል። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ደኅና ሸክላ መለሰ!

የምትፈትሸው ሌላ ነው። «ዎርድስ» የገጹ መጨረሻ ነው፣ ርዝመቱ 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገደማ፣ ኤሌክትሪክ ጊታሩ ይጮኻል። ሸክላ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ ሲዞር፣ መርፌው ጠርዙ ላይ በሰከንድ 50 ሳንቲም ሜትር ያህል ይጓዛል፤ መለያው አጠገብ ሲደርስ ግን 21 ገደማ ብቻ። ያው ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ተጠቅጥቆ ተጽፏል ማለት ነው። ያረጀ መርፌ ያለው ማጫወቻ ሸክላውን የሚበላው እዚያ ነው። ስለዚህ ስትገዛ «ሃርት ኦፍ ጎልድ»ን አታስሞክር፣ የ«ዎርድስ»ን መጨረሻ አስሞክር። እዚያ ጊታሩ እንደ ተቀደደ ወረቀት ከተንኮሻኮሸ ሸክላው ተበልቷል፣ እጥበት አያድነውም። በሌላ ደኅና ሸክላም መጨረሻው ላይ እንደዚያ ካደረገ ግን ጥፋቱ የመርፌህ አቀማመጥ ነው፣ አስተካክለው።

የአሜሪካው የመጀመሪያ እትም ቁጥር ኤምኤስ 2032 ነው፣ አሳታሚው ሪፕራይዝ። ሽፋኑ ተከፋች፣ ወረቀቱ ሻካራ ነው። ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሻጩ «የ1972 ነው» ቢልህ አትመን። ሻካራው ወረቀት ቆሻሻ ስለሚይዝ ንጹህ ማግኘት ይከብዳል፤ በሽፋኑ መበላሸት ብቻ አትከራከር። ይህ አልበም እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካ ውስጥ ከሁሉ በላይ የተሸጠው ነው፣ ስለዚህ ብርቅ አይደለም፤ በብርቅ ዋጋ አትግዛ።

ባለከበሮው፦
«ዎርድስ» ከተነሳ፣ ስድስት_ክር በኋላ ልትሞክሩት ከሆነ አንድ ማሳሰቢያ። ግጥሙ የሚዘፈንበት ክፍል በ4 ይቆጠራል፣ መሃል ያለው የመሣሪያ ክፍል ግን በ11 ነው። የእኛ ሰው ችክችካ ላይ ያደገ ስለሆነ ሁለት ጊዜ 6 ብሎ 12 ማድረግ እጁ ላይ ነው፤ ሳያስበው አንድ ምት ይጨምርና ጊታሩ ቀድሞት ይሄዳል። መጀመሪያ ድራም ሳትይዙ በጭብጨባ 11 ቁጠሩ፣ 11ኛው ላይ ሳታርፉ ወደ 1 ዝለሉ። 20 ዙር ሳይሳሳት ሲያልፍ ወደ ድራሙ ሂዱ።

ስድስት_ክር፦
አመሰግናለሁ ወገኖቼ። ለዛሬ «ሃርት ኦፍ ጎልድ»ን እንጨርስ። መግቢያውን «ኢ ማይነር ሰባት» የሚባለውን ኮርድ ለሁለት ምት፣ ዲን ለሁለት ምት፣ ከዚያ ኢ ማይነር አንድ ሙሉ ባር አድርገን ነው የምንጫወተው። ልክ ነን? አዝማቹ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቤዙና ጊታሩ ይጋጫሉ።

ክረ_ብዙ፦
መግቢያው ልክ ነው፣ ካፖም (ክሮቹን ጨምቆ ቅኝቱን ከፍ የሚያደርግ መቆንጠጫ) አያስፈልግም። ግጭቱ ከሲ ወደ ጂ የምትወርዱበት ቦታ ነው። እዚያ ወፍራሙ ድምፅ ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ጂ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ቤዙ ሲ ላይ ከቆመ ጊታሩ ቢ ሲነካ ይጋጫሉ። ሁለታችሁም አብራችሁ ውረዱ፣ ጊታሪስቱ የላይኞቹን ክሮች ቀለል አድርጎ ይንካቸው። ድራሙም በዚያ መውረጃ ላይ ምንም ጌጥ አይጨምር።